ከግንቡ ፊት የተነሡት ፎቶግራፍ ስንት ያስወጣል?

ሰው ከሥራው ዐርፎ ከቤተ ሰቡ ጋር የሚደሰትበት ቀን እንደሚያስፈልገው የሚክድ የለም። ሆኖም ደስታም እንደ ማናቸውም ነገር ዋጋ አለው፤ ዋጋውንም አስቀድሞ ያላሰበ ሰው ደስታውን በአንድ ሳምንት ጨርሶ ዕዳውን ለብዙ ዓመት ሲከፍል ይኖራል። አባቶቻችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉት እንዲህ ያለውን ሰው አይተው ነው። ዛሬ በዚህ ዐምድ የምናነሣው ጉዳይ ይኸው የቤተ ሰብ ሽርሽርና የኪስ ነገር ነው።

በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን፣ ልጅ ወይም ወንድም ወደ አሜሪካ የሄደበት ቤት ሁሉ አንድ ዐይነት ፎቶግራፍ አይጠፋበትም። አባት፣ እናትና ልጆች ሰማያዊ ጕልላት ካለው ከአንድ ረጅም ግንብ ፊት ቆመዋል፤ ልጆቹም የአይጥ ጆሮ የመሰለ ነገር በራሳቸው ላይ አድርገው ይሥቃሉ። አያት ፎቶግራፉን ለጎረቤት እያሳዩ «ልጄ ይህን የመሰለ ግንብ ሠራ!» ቢሉ የሚፈረድባቸው አይደለም። ነገር ግን ግንቡ የልጃቸው አይደለም፤ እንደ ጎንደር ግንብም በድንጋይና በኖራ የታነጸ አይደለም። በኦርላንዶ፣ በፍሎሪዳ ግዛት የሚገኝ፣ ከብረት፣ ከሲሚንቶና ከፋይበርግላስ የተሠራ፣ ቁመቱ 189 ጫማ የሆነ የዋልት ዲዝኒ ኩባንያ ንብረት ነው። ልጃቸውም ከፊቱ ለመቆም ብዙ የሌሊት ታክሲ ነድቶ ወይም ብዙ ተጨማሪ ሰዓት ሠርቶ ይሆናል።

በዋሺንግቶንና በአካባቢዋ፣ በሜሪላንድና በቨርጂንያ፣ ከአገር ውጭ ከሚገኙት ትልልቅ የኢትዮጵያውያን ማኅበረ ሰቦች አንዱ ይኖራል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከዚያ ወደ ኦርላንዶ በመኪና 850 ማይል ያህል ነው። ልጆቹ በትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ሄደው ሲያወሩ ይሰማሉ፤ «እኛስ መቼ ነው የምንሄደው?» ይላሉ። አባት ለአገር ቤት እናቱ የሚልከው ገንዘብ አለ፤ የቤት ኪራይ አለ፤ የልጆቹም ዐይን አለ። እንግዲህ ነገሩ የጨዋታ ነገር ብቻ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን። እኛም ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ገና ብዙ ጊዜ ያልሆነን ወጣቶች፣ የተማርነውን የኢኮኖሚ ትምህርት በዚህ ጉዳይ ላይ ብንፈትነው አንባቢን ይጠቅማል ብለን ገምተናል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሻጩ ራሱ እንዴት ቆጠበ?

የፊልም ሠሪው ዋልት ዲዝኒ የመጀመሪያውን የመዝናኛ መናፈሻ፣ ዲዝኒላንድን፣ በካሊፎርንያ ግዛት በአናሃይም ከተማ በሐምሌ 17 ቀን 1955 ከፈተ። ቦታው ቀድሞ 160 ኤከር የብርቱካን እርሻ ነበር። ሐሳቡ የመጣለት ሴቶች ልጆቹን ወደ መናፈሻ ወስዶ እነርሱ በሚዞሩ የእንጨት ፈረሶች ላይ ሲጫወቱ እርሱ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲመለከት እንደ ነበረ ራሱ ተናግሯል። ወላጅ ከልጁ ጋር አብሮ የሚጫወትበት ስፍራ ለምን አይኖርም ብሎ አሰበ። በተከፈተ ጊዜ የመግቢያው ዋጋ ለአዋቂ 1 ዶላር ብቻ ነበር፤ ለየጨዋታው ግን ሌላ ክፍያ ነበረው።

ቀጥሎም በፍሎሪዳ ከ27,000 ኤከር በላይ የሆነ ረግረግና ጫካ መሬት ገዛ። በዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ገዢው ማን እንደ ሆነ ቢታወቅ ዋጋው እንደሚወደድ ስለ ተረዳ፣ መሬቱን ያስገዛው በልዩ ልዩ የማይታወቁ ኩባንያዎች ስም ነበር። በጥቅምት ወር 1965 ምስጢሩ ሲወጣ የአካባቢው የመሬት ዋጋ ወዲያው ናረ፤ እርሱ ግን የሚፈልገውን አብዛኛውን አስቀድሞ ይዞ ነበር። ዋልት ዲዝኒ በታኅሣሥ 15 ቀን 1966 ስለ ሞተ ሥራውን ወንድሙ ሮይ ፈጸመው፤ በጥቅምት 1 ቀን 1971ም «ዋልት ዲዝኒ ወርልድ» ተብሎ ተከፈተ። ከማጂክ ኪንግደም በኋላ ኤፕኮት በ1982፣ ዛሬ ሆሊውድ ስቱዲዮስ የሚባለው በ1989፣ አኒማል ኪንግደም ደግሞ በ1998 ተጨመሩ።

እንግዲህ ሻጩ ራሱ ዕቅድ አውጥቶ፣ ጊዜ ጠብቆ፣ አፉን ዘግቶ ከቆጠበ፣ ገዢው የማይቆጥብበት ምክንያት አይታየንም።

የመግቢያው ዋጋ ምስጢር

በቀድሞው ዘመን እንግዳው በበሩ ጥቂት ይከፍልና፣ ለጨዋታዎቹ በፊደል የተለዩ ትኬቶች ያሉበት ደብተር ይገዛ ነበር። በጣም አስደሳቹ ጨዋታ ከፍተኛውን ትኬት ይጠይቃል፤ ዝቅተኛውም ዝቅተኛውን። በ1982 ይህ አሠራር ቀረና በአንድ ዋጋ ገብቶ ሁሉን መጫወት ሆነ።

ይህ ነገር ሊቃውንትንም አነጋግሯል። ዋልተር ኦይ የተባሉ የኢኮኖሚ ሊቅ በ1971 ስለ ዲዝኒላንድ አንድ የታወቀ ጥናት ጽፈዋል። ጥያቄያቸውም፣ የመናፈሻው ባለቤት በበሩ ብዙ አስከፍሎ ጨዋታውን በርካሽ ቢሰጥ ይሻለዋል ወይስ በበሩ ጥቂት አስከፍሎ በየጨዋታው ቢያስከፍል? የሚል ነበር። እንግዶቹ ሁሉ ተመሳሳይ ፍላጎት ቢኖራቸው፣ በበሩ ከፍ አድርጎ አስከፍሎ ጨዋታውን በሚያስወጣው ወጪ ልክ መስጠት ለባለቤቱ የበለጠ ትርፍ ያስገኛል ብለው አስረዱ።

ለቤተ ሰብ አባት የዚህ ትርጕሙ ምንድን ነው? አንድ ጊዜ ከበሩ ከገቡ በኋላ አንድ ጨዋታ መጨመር ገንዘብ አያስወጣም፤ ጊዜ ግን ያስወጣል። ስለዚህ በዚያ ስፍራ ሁለት ገንዘብ አለ ማለት ነው፤ አንዱ ዶላር፣ ሁለተኛው ሰዓት። ሰዓቱን ያባከነ ሰው በሩ ላይ የከፈለውን ዶላር አብሮ አባከነው።

በ1971 የማጂክ ኪንግደም መግቢያ ለአዋቂ 3 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። ይህ በ2024 ገንዘብ ሲተመን 27 ዶላር ገደማ ይሆናል፤ የጨዋታው ትኬት ለብቻው መሆኑንም መርሳት አይገባም። በ2025 ግን የአንድ ቀን ትኬት እንደ ቀኑና እንደ መናፈሻው ከግብር በፊት ከ119 እስከ 199 ዶላር ደረሰ። በዝቅተኛውና በከፍተኛው መካከል ያለው ልዩነት 80 ዶላር ነው። አራት ነፍስ ላለው ቤተ ሰብ በአንድ ቀን ብቻ 320 ዶላር ማለት ነው። ይህን ልዩነት የሚያመጣው በአብዛኛው የቀን መቁጠሪያው ነው።

ትኬት ሲገዙ የሚከተሉትን ማስታወስ ይገባል። ዕድሜው ሦስት ዓመት ያልሞላ ሕፃን አይከፍልም። ከሦስት እስከ ዘጠኝ ዓመት የልጅ ዋጋ ነው፤ ዐሥር ዓመት የሞላው ግን እንደ አዋቂ ይከፍላል። ስለሆነም ልጃቸው በመጋቢት ሦስት ዓመት የሚሞላው ወላጆች በየካቲት ቢሄዱ አንድ ሙሉ ትኬት ተረፈላቸው። የብዙ ቀን ትኬት በተገዛ መጠን የየቀኑ ዋጋ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ነገር ግን ጠቅላላው ስለሚጨምር «ቀኑ ረከሰ» ብሎ የማያስፈልግን ቀን መግዛት ቁጠባ አይደለም። በአንድ ቀን ከአንዱ መናፈሻ ወደ ሌላው ለመዘዋወር የሚያስችለው ትኬት ተጨማሪ ያስከፍላል፤ ትንንሽ ልጆች ላሉት ሰው ግን አንዱን መናፈሻ በሚገባ ማየት ራሱ ቀን አይበቃውም። በመንገድ ዳር «ሁለት ቀን የቀረው ትኬት በርካሽ» ብሎ ከሚሸጥ ሰው መግዛት ፈጽሞ አይገባም። ትኬቱ ለሌላ ሰው አይተላለፍም፤ በበሩም ጣትን በመሣሪያ ላይ እያስነኩ ባለቤቱን ይለያሉ።

መቼ ይኬዳል?

የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ ሁሉ ኦርላንዶ ይሞላል፤ ዋጋውም ይወደዳል። ከፈረንጆች ገና እስከ አዲስ ዓመታቸው ያለው ሳምንት የሁሉ ውድ ነው። የኅዳሩ የምስጋና በዓል፣ የየካቲቱ የፕሬዚዳንቶች ቀን ሳምንትና የፋሲካቸው ሰሞንም እንደዚሁ ናቸው። በአንጻሩ ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ ያለው የነሐሴ መጨረሻና የመስከረም ወር፣ እንዲሁም የጥር መጨረሻ ይቀልላሉ።

እዚህ ላይ የራሳችን የቀን መቁጠሪያ አንድ ጥቅም ይሰጠናል። ዕንቍጣጣሽ የሚውለው አሜሪካውያን ልጆቻቸውን ወደ ትምህርት ቤት መልሰው መናፈሻው ጋብ ባለበት በመስከረም ወር ነው። ልጆቻቸው ለትምህርት ያልደረሱላቸው ወላጆች በዓላቸውን በዚያ ቢያከብሩ ከታኅሣሥ ይልቅ ብዙ ያተርፋሉ። ፋሲካችንም ከእነርሱ ጋር በሚለያይበት ዓመት ሕዝቡ ከተበተነ በኋላ ይደርሳል፤ ለምሳሌ በ2024 የእነርሱ መጋቢት 31፣ የእኛ ደግሞ ግንቦት 5 ቀን ነበር። ይሁን እንጂ ከሰኔ 1 እስከ ኅዳር 30 ቀን የአውሎ ነፋስ ወራት መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። በመስከረም የሚሄድ ሰው ማደሪያውን ሲያስይዝ ገንዘቡ የሚመለስበትን ውል ይምረጥ። በበጋቸው ወራት ከሰዓት በኋላ የሚወርደው የነጐድጓድ ዝናብም የተለመደ ነው፤ የዝናብ ልብስ ከቤት ይዞ የሄደ ሰው እዚያ በውድ ዋጋ አይገዛም።

መንገድና ማደሪያ

ከዋሺንግቶን አካባቢ ለሚነሣ ሰው ሦስት መንገድ አለ። በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ተኩል አይሞላም፤ በአካባቢው ሦስት ትልልቅ የአውሮፕላን ማረፊያዎች ስላሉ የሦስቱንም ዋጋ ማስተያየት ይገባል። በባቡር ለሚሄድ ደግሞ ከሎርተን፣ ቨርጂንያ ተነሥቶ ሰውንም መኪናውንም ጭኖ ኦርላንዶ አጠገብ ሳንፎርድ የሚያደርስ የሌሊት ባቡር አለ። ሦስተኛው በራስ መኪና መሄድ ነው። ደርሶ መልሱ 1,700 ማይል ሲሆን፣ መኪናው በአንድ ጋሎን 30 ማይል ከሄደና ቤንዚኑ በጋሎን 3 ዶላር ከሆነ የነዳጁ ዋጋ 170 ዶላር ይሆናል። በአውሮፕላን የአራት ሰው ዋጋ በዚህ መጠን አይገኝም። ነገር ግን እንቅልፍም ዋጋ አለው። 850 ማይል በአንድ ቀን ልንዳ የሚል አባት የሚቆጥበው የአንድ ሌሊት ኪራይ ነው፤ የሚያስይዘው ግን የቤተ ሰቡን ሕይወት ነው። በደቡብ ካሮላይና አንድ ሌሊት ማደር ከቁጠባ ሁሉ የበለጠ ቁጠባ ነው እንላለን።

ስለ ማደሪያ የተባለ እንደ ሆነ፣ በዲዝኒ ሆቴሎች ያረፈ ሰው መኪና ሳያስፈልገው በነጻ አውቶቡስ ይመላለሳል፤ መናፈሻውም ከመከፈቱ 30 ደቂቃ ቀድሞ ይገባል። ከውጭ፣ በኪሲሚ ከተማ በኩል ያሉት ማደሪያዎች ዋጋቸው ይቀልላል፤ ብዙዎቹም ቁርስ ያበላሉ። ነገር ግን ዋጋ ሲያስተያዩ ሁለት ነገር መደመር አለበት። አንደኛው አንዳንድ ሆቴሎች ከተጻፈው ዋጋ በላይ በየሌሊቱ የሚጨምሩት የአገልግሎት ክፍያ ነው። ሁለተኛው በመናፈሻው በር የሚከፈለው የመኪና ማቆሚያ ሲሆን በ2025 በቀን 30 ዶላር ነበር። ይህ ማቆሚያ በአንድ ቀን አንድ ጊዜ ከተከፈለ ለአራቱም መናፈሻዎች ያገለግላል።

ለእኛ ሰዎች የሚስማማው ግን ሌላው መንገድ ይመስለናል። ይኸውም ሁለት ወይም ሦስት ቤተ ሰብ ተስማምተው ወጥ ቤት ያለው ሰፊ ቤት መከራየት ነው። በዚያ አካባቢ ለእንግዳ የሚከራዩ እንዲህ ያሉ ቤቶች ብዙ ናቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና፣ ኪራዩ ይካፈላል፣ ምግቡ በጋራ ይሠራል፣ ልጆቹም አብረው ያድራሉ። ማታ ትንንሾቹ ሲተኙ አንዲት እናት ትጠብቃቸዋለች፤ ሌሎቹ ቡና ያፈላሉ። አብሮ ከመሄድ በፊት ግን ማን ምን እንደሚከፍል በወረቀት መጻፍ ለወዳጅነት ይበጃል።

ምሳና ጥም

በመናፈሻው ውስጥ ብዙ ሰው ሳያውቀው ገንዘቡን የሚጨርሰው በምግብ ነው። ብዙዎችም ምግብ ይዞ መግባት የተከለከለ ይመስላቸዋል፤ አልተከለከለም። ለራስ የሚበቃ ምግብና አልኮል የሌለው መጠጥ ይዞ መግባት ይፈቀዳል። የማይፈቀደው የጠርሙስ ዕቃ፣ አልኮልና ከልክ ያለፈ ትልቅ የበረዶ ሣጥን ነው። ፈጣን ምግብ በሚሸጥባቸው ስፍራዎችም በረዶ ያለበት የመጠጥ ውሃ የጠየቀ ሁሉ በነጻ ይሰጠዋል። የፍሎሪዳ ሙቀት ከባድ ስለ ሆነ፣ አራት ሰው በቀን ሦስት ሦስት ጊዜ ውሃ ቢገዛ ምን ያህል እንደሚወጣ ማስላት አያዳግትም።

በዚህ ረገድ የእናቶቻችን ሙያ የሚናቅ አይደለም። ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና በሶ ለጉዞ የተፈጠሩ ናቸው፤ ሙቀት አያበላሻቸውም። የጾም ወቅት ለሆነበት ቤተ ሰብ ደግሞ ቁጠባ ብቻ ሳይሆን ሰላምም ነው፤ ረኃብ የያዘው ልጅ አጠገብ ቆሞ ወተትና ቅቤ የሌለበትን ምግብ ከመፈለግ ያድናል። ለልጆቹ ደስታ ሲባል ግን በቆይታው አንድ ጊዜ በውስጥ መመገብ ይገባል እንላለን። አንዱ ምሳ ይታወሳል፤ ዘጠኙ ይረሳል።

ሰልፉ

ቀደም ብለን ሰዓት ሁለተኛው ገንዘብ ነው ብለናል። ከ1999 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ሰልፍ የሚያሳጥር ነጻ ወረቀት ይሰጥ ነበር፤ ከ2021 ወዲህ ግን ሰልፍ ማሳጠር በገንዘብ ሆነ። ለአራት ሰው ለየቀኑ ቢገዛ የምሳ ዋጋ ይበልጣል። ያለዚህ ክፍያ ማለፍ የሚቻልበት ዘዴ ግን አለ። ሕዝብ ከመምጣቱ በፊት፣ በሩ ሳይከፈት ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መድረስ፤ ሰልፍ ወደሚበዛባቸው ሁለትና ሦስት ጨዋታዎች አስቀድሞ መሄድ፤ በቀትር ሙቀትና ግርግር ጊዜ በጥላ ሥር የሚታዩትን ትርኢቶች ማየት ወይም ወደ ማደሪያ ተመልሶ ልጆቹን ማስተኛት፤ ማታ ደግሞ መመለስ። ቀድሞ የመጣ ሰው በሁለት ሰዓት የሚጫወተውን በቀትር የመጣው በአምስት ሰዓትም አያገኘውም።

ሌላው ብልሃት ልጁን ከቤት ሳይወጡ መለካት ነው። በፍጥነት የሚሄዱት ጨዋታዎች የቁመት ወሰን አላቸው። የሰባቱ ድንኮች ባቡር 38 ኢንች፣ ስፔስ ማውንቴን ደግሞ 44 ኢንች ይጠይቃሉ። ተስፋ ሲያደርግ ቆይቶ ከበሩ ላይ የሚመለስ ሕፃን ልቡ ይሰበራል፤ ወላጁም ልቅሶውን ለማስቆም ሲል ሠላሳ ዶላር የሚያወጣ አሻንጉሊት ይገዛል። ቁመቱ ያልደረሰ ልጅ ላላቸው ወላጆችም «የመፈራረቅ» ሥርዐት አለ። አንዱ ወላጅ ከትልቁ ልጅ ጋር ሲጫወት ሁለተኛው ከትንሹ ጋር ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ሁለተኛው እንደ ገና ረጅሙን ሰልፍ ሳይሰለፍ ይገባል። ይህ በነጻ ነው፤ በበሩ ላይ ያለውን ሠራተኛ መጠየቅ ብቻ ይበቃል።

ስለ ትዝታ ዕቃ ደግሞ የሚከተለውን እናሳስባለን። መናፈሻው ልደቱን ለሚያከብርና ለመጀመሪያ ጊዜ ለመጣ እንግዳ ደረት ላይ የሚለጠፍ ምልክት በነጻ ይሰጣል። ከዚያ በተረፈ ለየልጁ ገና ከቤት ሳይወጡ «ይህች አሥር ዶላር የአንተ ናት፤ የፈለግኸውን ግዛባት» ብሎ በእጁ መስጠት ይበጃል። አባባ የሚከፍል ሲሆን ሁሉን የሚያምረው ልጅ፣ ከራሱ ኪስ የሚወጣ ሲሆን ዋጋ እያነበበ ይዞራል። አሥር ዶላር የማይገዛውን ነገር ለማግኘት ከእኅቱ ጋር ቢያዋጣም አንድ ትምህርት ተማረ ማለት ነው።

ስሌቱ ሲደመር

አሁን ሁለት ቤተ ሰቦችን በሐሳብ እናስተያይ። ሁለቱም አራት አራት ነፍስ ናቸው፤ ሁለቱም በኦርላንዶ አምስት ሌሊት አድረው ሦስት ቀን በመናፈሻ ይውላሉ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የቀረቡ እንጂ የዋጋ ዝርዝር አይደሉም።

የመጀመሪያው ቤተ ሰብ ሳያስብ በታኅሣሥ መጨረሻ ተነሣ። ትኬት ለአንድ ሰው በቀን 190 ዶላር፣ በጠቅላላ 2,280፤ አውሮፕላን 1,400፤ ሆቴል በሌሊት 300፣ በጠቅላላ 1,500፤ ምግብ 840፤ ሰልፍ ማሳጠሪያ 360፤ አሻንጉሊትና ልዩ ልዩ 200። ድምሩ 6,580 ዶላር ሆነ።

ሁለተኛው ቀኑን መርጦ ከዘመድ ጋር ተነሣ። ትኬት ለአንድ ሰው በቀን 140 ዶላር፣ በጠቅላላ 1,680፤ ነዳጅ 170፤ በመንገድ ላይ ሁለት ሌሊት 200፤ የጋራ ቤት ድርሻ 600፤ ከገበያ የተገዛ ምግብ 250፤ በውስጥ አንድ ምሳ 100፤ የመኪና ማቆሚያ 90፤ ለልጆች 40። ድምሩ 3,130 ዶላር ሆነ። ከግማሽ ያነሰ ነው። ልጆቹ የጋለቡት ባቡርና ያዩት ርችት ግን አንድ ነው፤ ፎቶግራፉም ከአንዱ ግንብ ፊት ነው።

ዕቁብ ወይስ ካርድ?

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ግን ገንዘቡ ከየት ይመጣል? የሚለው ነው። በአሜሪካ ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ሽርሽር በክሬዲት ካርድ ይከፍላል። በቅርብ ዓመታት የካርዱ ወለድ በአማካይ ከመቶ ሃያ አልፏል። እንበልና አንድ አባት 5,000 ዶላር በካርድ አወጣ፤ ወለዱ በዓመት ከመቶ 21 ነው፤ በየወሩም 150 ዶላር ይከፍላል። ዕዳው የሚያልቀው ከ50 ወር በኋላ ነው፤ ወለዱም ብቻውን ከ2,500 ዶላር ይበልጣል። በጉዞው ጊዜ ስድስት ዓመት የነበረችው ልጁ ዕዳው ሲያልቅ ዐሥር ዓመት ይሞላታል። ያን ጊዜ እንደ ገና ቢወስዳት በአዋቂ ዋጋ ትገባለች።

ዕቁብ ግን ይህን ሁሉ ያስቀራል። ዐሥር ወዳጆች በየወሩ 320 ዶላር ቢያዋጡ፣ በዐሥር ወር ለየአንዳንዱ 3,200 ዶላር ይደርሰዋል። ከላይ ያየነው የሁለተኛው ቤተ ሰብ ወጪ በዚህ ይሸፈናል። ወለድ የለው፣ ፈራሚ ባንክ የለው፤ ከባልንጀራ ፊት ላለማፈር ሲል ሰው መዋጮውን አያቋርጥም። ዕጣው መጀመሪያ የወጣለት ሰው ግን «ገንዘቡ ደረሰኝ» ብሎ በሌላ ነገር እንዳያጠፋው የጉዞው ቀን እስኪደርስ ለይቶ ማስቀመጥ አለበት።

በበኩላችን አንድ ሥርዐት እንዲጠበቅ እንመክራለን። ለአገር ቤት እናት በየወሩ የሚላከው ገንዘብ፣ የቤት ኪራዩና የሽርሽሩ ገንዘብ በተለያየ ቦታ ይቀመጡ፤ አንዱ ወደ ሌላው አይሻገር። ከእናት ጕርሻ ተቀንሶ የተጋለበ ባቡር ለጋላቢው ደስታ አይሰጥም። እንደዚሁም በዚህ በአገር ቤት ያለነው ዘመዶች ፎቶግራፉን ስንመለከት ከሣቁ በስተጀርባ ያለውን ድካም ልናስብ ይገባል። «ለመዝናናት ካለው ለእኛም ይጨምር» ብሎ ደብዳቤ መጻፍ ቀላል ነው፤ አንድ ወላጅ በዓመት ውስጥ ከልጆቹ ጋር የሚውልባቸው ቀናት ስንት እንደ ሆኑ መቍጠር ግን ይከብዳል። በሁለት ፈረቃ የሚሠራ አባት ልጆቹን በአብዛኛው ተኝተው ነው የሚያያቸው። ሦስት ቀን ሙሉ እጃቸውን ይዞ መዋሉ የቅንጦት ነገር አይመስለንም።

ገንዘቡ ለዚህ ዓመት ያልደረሰለት ቢኖርም አይዘን። በዋሺንግቶን ያለው የስሚዝሶንያን የአራዊት መኖሪያ መግቢያው በነጻ ነው፤ እንደዚሁም የስሚዝሶንያን ቤተ መዘክሮች። ልጅ በመጀመሪያ የሚፈልገው የአባቱንና የእናቱን ጊዜ ነው፤ ግንቡ ሁለተኛ ነው። ግንቡም ከ1971 ጀምሮ በቦታው ቆሟል፤ የትም አይሄድም። ዕቁቡ ሲሞላ ይደረስበታል።